የሚሳም በር

አንድ ሰውዬ ላይ ቂም ይዣለሁ። መልኩን አላውቅም። ስሙንም አላውቅም፤ መጽሐፉ እጄ የገባው ሽፋኑ ተገንጥሎ ነው። ይኑር ይሙት አላውቅም። ሞቶ ከሆነ ነፍሱን ይማር፣ ቂሜን ግን አልተውም። ይሄ ሰውዬ «ቀላል የእግር መንገዶች» የሚል መጽሐፍ የጻፈ ሰውዬ ነው።

«ቀላል» ይላል እንግዲህ። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ይሄን ቃል ስናሾፍ ገልብጠን ነው የምንጠቀምበት። ሦስት ሰው የሚያጠግብ ትሪ ብቻውን ያጸዳ ሰው ስናይ «ቀላል ይበላል!» እንላለን። ሰውየው አራዳ ሆኖ እንደዚያ ማለቱ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ግን አይደለም፤ ከልቡ ነው። ውሻውን አስከትሎ፣ በከዘራው ሣሩን ነካ ነካ እያደረገ፣ እያፏጨ የሚሄድ ሽማግሌ ይመስለኛል። ጉልበቱን የማያመው፣ አክስት የሌለው ሰው።

እኔ አክስት አሉኝ።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሚኔሶታ፣ ኒው ሆፕ ውስጥ አንዲት አፓርታማ ተከራይተን ሁለታችን እንኖራለን። አገር ቤት ሳሉ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ነበር የሚሠሩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ኋላ ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ «ነገ ተመለሱ» ሲሉ ነው የኖሩት። ይሄን የምለው ላማቸው ብዬ አይደለም፤ ራሳቸው በኩራት ነው የሚያወሩት። «በመጣበት ቀን የሚያልቅ ጉዳይ፣ ምኑን ጉዳይ ሆነ?» ይላሉ።

ታዲያ አንድ ሰመር እቴቴ ላይ ስኳር ተገኘ። ክሊኒክ ሄድን። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ይበቃል ብዬ አምን ነበር። እንደማይበቃ በኋላ ታያላችሁ።

ዶክተሩ ቁጥሩን አየና «በሦስት ወር ውስጥ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ደግሞ በየቀኑ ዎክ ያድርጉ» አለ።

መርፌ የሚለውን ስተረጉም እቴቴ ቦርሳቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙ። ሰው ሲወጋ እንኳ ማየት አይችሉም።

«ሌላውስ ምንድነው ያለው?»

«በየቀኑ ይራመዱ ነው የሚለው።»

«ወዴት?»

ጥያቄውን ተረጎምኩለት። ዶክተሩ ሳቀ። «የትም» አለ።

«የትም?» አሉ እቴቴ። «ሰው የትም ይሄዳል? ሰው ጉዳይ ሲኖረው ነው የሚሄድ። ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ሰው እኛ አገር ምን እንደሚባል ንገሪው።»

አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ለምኜ ለምኜ አንድ ቀን አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ አዞርኳቸው። አንድ ዙር። ሁለተኛውን ስንጀምር ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ «የጠፋባችሁ ነገር አለ?» አለች። ቁልፍ የወደቀብን መስሏት ነው። እቴቴ ከሃፍረታቸው የተነሳ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር የሚፈልጉ መሰሉ። አስፋልቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ተነስተው ቤት ገቡ፤ አለቀ።

አንድ ሳምንት ኩርፊያ። ከዚያ እኔም አለቀስኩ። ለእናቴ በስልክ ምን እላታለሁ? እቴቴ እንባዬን አይተው እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «አንድ ቅዳሜ። አንድ ብቻ። ደህና ቦታ ውሰጂኝ፣ እሞክረዋለሁ። ካልጣመኝ ግን ዎክ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ከዚያ መርፌውም ይምጣ።»

ስለዚህ በእጄ ያለው አንድ ቅዳሜ ነበር። እሷን ካበላሸሁ መርፌ ነው።

ሰውየው የገባው እዚህ ላይ ነው። ሰፈራችን ያለው ላይብረሪ በር ላይ «ነፃ ነው፣ ውሰዱ» የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ አገኘሁት። ሽፋን የለውም፤ ግን ውስጡ በትልልቁ «ቀላል የእግር መንገዶች» ካለ በኋላ የአንዲት ትንሽ ከተማ ዙሪያ ይላል። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ነዋሪዎቿ ምንም አላጠፉም። ብቻ ያቺን ከተማ አውቃታለሁ! ብሩክሊን ፓርክ ያለው መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ለሥራ ስሄድ ስሟን ሀይዌይ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ። ከእኛ አርባ ደቂቃ ድራይቭ ናት። እና የመጀመሪያው መንገድ ምን ይላል? ሁለት ማይል ተኩል። ለማንኛውም ዕድሜ የሚሆን። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስቶ፣ በመስክ አልፎ፣ ወንዝ ተሻግሮ እዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚመልስ። መጨረሻው ላይ ሻይ አለ።

ቤተ ክርስቲያንና ሻይ! ለእቴቴ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? መጽሐፉን ደረቴ ላይ አቅፌ እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

መቼም እዚህ አገር ለመራመድ በመኪና መሄድ የሚባለውን ነገር ማን እንደፈጠረው አላውቅም። አርባ ደቂቃ ጋዝ አቃጥለህ፣ እግርህን ተሸክመህ ወስደህ፣ እዚያ አውርደህ ታራምደዋለህ። እግሬ አይሠራም ብለህ ነው መኪና የገዛኸው ወይስ መኪናህ አትሠራም ብለህ ነው በእግርህ የምትሄደው? እቴቴም ከፊት ወንበር ላይ ሆነው የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው። የእሁድ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው ነው የመጡት። ሰው አገር ሲኬድ እንዲህ ነው አሉ።

ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ እውነትም አለ! ነጭ ነው፣ ግንቡ ሹል። ደስ አለኝና መጽሐፉን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ፦ «ለቤተ ክርስቲያኑ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጠፉ።»

«ለቤተ ክርስቲያን ጀርባ አይሰጥም» አሉ እቴቴ።

«እቴቴ፣ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው።»

«የእነሱም ቢሆን የእግዚአብሔር ቤት ነው። እኔ ፊቴን አላዞርም።»

እናም የኋሊት ሄድን። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ሕንጻው አድርገን፣ እሳቸው እያማተቡ፣ ወደ ኋላችን እየረገጥን፣ ከግቢው እስከ አስፋልቱ። ሣር የሚያጭድ ሰውዬ ማሽኑን አጠፋ። የኋሊት ሲኬድ ግራ ቀኝ እንደሚሆን፣ ቀኝም ግራ፣ ያኔ ማን ትዝ ይበለው? ወደ ግራችን ታጠፍን።

ቀጥሎ «የእንግዶች ማረፊያውን በቀኝ በኩል አልፋችሁ» ይላል። በቀኛችን አንድ መጠጥ ቤት አለ። ማረፊያ ነው፣ ሰው ያርፍበታል፣ አልኩና አለፍን። ቀጥሎ «ስታይሉ ላይ ውጡና ተሻገሩ» ይላል።

ስታይል! ቃሉን አውቀዋለሁ። ስታይል ያለው ልብስ፣ ስታይል ያለው ፀጉር። ስታይል ላይ ግን እንዴት ነው የሚወጣው? አጻጻፉ ላይ አንድ ፊደል የተሳሳተ መሰለኝ፣ የማተሚያ ቤት ስህተት ብዬ አለፍኩት።

«ስታይል የት አለ?» አሉ እቴቴ።

ከፊታችን የነበረው የመጠጥ ቤቱ የእንጨት አጥር ብቻ ነው።

«ይሄን አጥር መሻገር ይሆናላ» አልኩ። «በስታይል ተሻገሩ ማለቱ ነው።»

ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሴት፣ የፍርድ ቤት ሠራተኛ የነበሩ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አጥር ላይ ሲወጡ እኔ ከታች ሆኜ ተረከዛቸውን ደግፌያለሁ። ወዲያ ማዶ ሲወርዱ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእሁድ ጫማ ተረከዝ ነው።

«ስታይል ማለት ይሄ ነው?» አሉኝ ከማዶ። አንድ እግራቸው አጥሮ ነበር።

ያኔ መመለስ ነበረብን። ግን አንድ ቅዳሜ ነው ያለኝ፤ ካሁን ወዲህ ይጣፍጣል ብዬ ገፋሁ። የአፈር መንገድ ይዘን ስንሄድ፣ ከፊታችን የዛገ የብረት በር መጣ። መጽሐፉን አየሁ። «በሚሳመው በር በኩል እለፉ» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው። የሚሳም በር።

«ምን ይላል?»

«በሩ የሚሳም ነው ይላል፣ እቴቴ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እቴቴ ግን ፊታቸው በራ። ቅዳሜውን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አየሽ!» አሉኝ። «አየሽ፣ ሰውየው ሃይማኖተኛ ነው! የጥንት ደብር የነበረበት ቦታ መሆን አለበት። በሩ ብቻ ቀርቶ ነው።» ነጠላቸውን አጣፉ። ሦስቴ አማተቡ። ከዚያ ያንን የላም በር ግራውንም ቀኙንም ተሳለሙት። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲሉኝ እኔም ተሳለምኩ። ዝገቱ ከንፈሬ ላይ ቀረ።

ከበሩ ወዲያ በቆሎ ነው። መጽሐፉ «በጎች የሚግጡበት መስክ» ይላል። በግ የለም። ከቁመቴ በላይ የሆነ በቆሎ ነው፣ እስከ ሰማይ ዳር። «ገበሬው ቢቆጣ አትስጉ፣ መንገዱ የሕዝብ ነው» ይላል ደግሞ ሰውየው። ደፋር! ገባን። ቅጠሉ ፊት ይልጣል። ትንኙ፣ የሚኔሶታን ትንኝ ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገር፣ በጆሮ ገብቶ ያማክራል። ወንዙን ፈለግን፣ ወንዝ የለም። ወደ ግራ አልን፣ በቆሎ። ወደ ቀኝ አልን፣ በቆሎ። እቴቴ መሬት ላይ ተቀምጠው ቆሏቸውን በሉ፤ ተነሱ፤ ሄድን። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የዞርነው። መጨረሻ ላይ ብርሃን አየንና እየሮጥን ወጣን።

የወጣነው እዚያው በር ላይ ነው። የሚሳመው በር ላይ።

እቴቴ አላመነቱም። ሲወጡም ይሳለሙታል አሉና ተሳለሙት። ከበሩ ወዲያ አንድ ፒካፕ ቆሟል። ውስጡ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ገበሬ አፉን ከፍቶ ያየናል።

የሚኔሶታ ሰው ሲቆጣም በይቅርታ ነው የሚጀምረው። ያውም ነጭ የለበሰች ሴት በሩን ስትስምለት ያየ ሰው ከየት አምጥቶ ይቆጣል? ወርዶ ኮፍያውን ነካ አደረገና «ይቅርታ፣ የጠፋባችሁ ነገር አለ?» አለ።

«ምን አለ?»

«የጠፋባችሁ ነገር አለ ወይ ነው የሚለው።»

እቴቴ ፓርኪንጉ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። ዛሬ ግን አላጎነበሱም። በአጭሩ እግራቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። «መንገዱ የሕዝብ ነው በይው። ማስረጃ አለን በይው። ገጹን አሳዪው!»

መጽሐፉን ሰጠሁት። መነጽሩን አውጥቶ ቀስ ብሎ አነበበ። አገላበጠ። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ በጣቱ ነካት። ከዚያ አዝኖልኝ አየኝና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። መጽሐፉን ተቀብዬ ዘጋሁት።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«ኢንግላንድ ሲል ሰምቻለሁ።»

«እቴቴ...»

«አንቺ ልጅ፣ ስኳሩ ደሜ ውስጥ እንጂ ጆሮዬ ውስጥ አይደለም። እንግሊዝ አገር ነው ያለው?»

አዎ። ስሟ አንድ ነው፤ አገሯ ሌላ ነው። ይኸውላችሁ፣ እነዚህ ሰዎች ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው፣ ይሄን የሚያህል አገር አግኝተው፣ ለአንዲት ከተማ አዲስ ስም ለማውጣት ሰነፉ! ሰውየውም ሽፋኑን የገነጠለውም ከተማዋን የሰየመውም ተባብረው እቴቴን በቆሎ ውስጥ ከተቷቸው። እኔስ? እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት!

ገበሬው ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠን። በፒካፑ እስከ መኪናችን ላድርሳችሁ አለ። እቴቴ ውኃውን ተቀበሉ፣ ፒካፑን እምቢ አሉ። «በእግር ነው የመጣሁት፣ በእግሬ እመለሳለሁ» ብለው እያነከሱ ፊት ፊት ሄዱ። ኒው ሆፕ እስክንደርስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት፣ ታክሲ ውስጥ እንደገባ ሰው። አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ሻዩም የለ።» ከመኪናው ሲወርዱ ደግሞ «ካንቺ ጋር ሁለተኛ መኪና ውስጥ አልገባም» አሉ።

አለቀ አልኩ። ቅዳሜዬ ሄደች። መርፌው መጣ።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስነሳ እቴቴ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። እግራቸው ላይ የእኔ ስኒከር ነው፤ እጃቸው ላይ መጽሐፉ።

«ይሄን ያመጣሽበት ቢሮ የት ነው?»

«ላይብረሪው? ምን ያደርግልዎታል?»

«ክስ አለኝ።»

ሥራ አረፍዳለሁ ብዬ ደወልኩ። ላድርስዎት ብል መኪና እምቢ። በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ላይብረሪው ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ ትሁት ናት፤ እቴቴ ሲናገሩ፣ እኔ ስተረጉም፣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስታይል ማለት በሌላ ፊደል ሲጻፍ አጥር የሚሻገሩበት የእንጨት መወጣጫ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። የሚሳመው በርም ሲዘጋ ምሰሶውን ሳም እንደማድረግ ነካ ስለሚያደርግ ነው እንዲህ የተባለው፤ ከብት እንዳያልፍ የተሠራ ነው። ይሄን ለእቴቴ አልተረጎምኩም። ዝገቱ ገና ከንፈሬ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

«የነፃው ሳጥን መጽሐፍ የእኛ አይደለም፣ ሰው ነው የሚጥለው» አለች። «ግን አስተያየት ካለዎት ፎርም አለ።»

ፎርም! ተርጉሜ ሳልጨርስ እቴቴ ብዕር ጠየቁ። ፎርሟ የመዳፍ ያህል ናት። ጀርባዋን ሞልተው ሦስት ተጨማሪ ወረቀት አስቀጠሉ፣ በአማርኛ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ብለው ከፍለው። አንደኛ፣ የተሰበረ ተረከዝ። ሁለተኛ፣ ያልቀረበ ሻይ። ሦስተኛ፣ «በሐሰት ማስረጃ የተሳለምኩት በር»። ልጅቷ ፍሬ ነገሩን ከእኔ ሰምታ ጻፈችና ወረቀቶቹን በክብር ስቴፕል አደረገቻቸው። መልስ በፖስታ ይመጣል አለች። መቼ? ቀኑን አላውቅም አለች።

እቴቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሥራ ባልደረባ እንዳገኘ ሰው ነበር ያዩአት።

«ጉዳይ ቤት ተቀምጠው አይጠብቁትም» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሄዱ። እኔ ዌርሃውስ ሳለሁ ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ሁለት ቃል ይዘው፦ «ሌተር? ኖ?» ልጅቷ «ኖ» ትላለች፣ ይመለሳሉ። ማክሰኞ ሌተር ኖ። ሐሙስ ሌተር ኖ። ሥራ በማልገባበት በኦፍ ቀኔ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ይባልና እኔም እጎተታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በቀን ስምንት ሰዓት ቆሜ ካርቶን ስጭን የሰነበትኩ ሰው እኮ ነኝ! ፊት ፊት እየሄዱ «ምን ይጎትትሻል? ቀላል መንገድ ነው» ይሉኛል። ንፋስ መጣ፣ ሄዱ። በረዶ ጣለ፣ ጉዳይ በበረዶ አይቋረጥም ብለው ቦት ጫማ አስገዙኝ።

ሦስት ወሩ ሞላና ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሩ ቁጥሩን አየ፣ ደግሞ አየ። ወርዷል። መርፌ የለም። «ምን አድርገው ነው?» አለ።

«ጉዳይ ይዤ ነው በይው» አሉ እቴቴ።

«ዎክ እያደረጉ ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

«በጣም ጥሩ። እንዳያቋርጡ ንገሪያቸው። ካቋረጡ ይመለሳል።»

ይሄን በተነገረን በሳምንቱ የፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ፖስታ አገኘሁ። ከላይብረሪው ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ረዥም፣ ትሁት፣ የሚያሳዝን ደብዳቤ ነው። ስለደረሰብዎት ነገር ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚገቡትን መጽሐፎች ከእንግዲህ እናያለን፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ ጉዳዩ በዚሁ ተዘግቷል።

ተዘግቷል።

ገባሁ። እቴቴ ፖስታውን እጄ ላይ አይተው ከሶፋው ተነሱ። «መጣ?»

«መጣ።»

«ምን ይላል?»

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰውዬ በሐሰት ጻፈ ብዬ ስራገም የከረምኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አየሁት። እቴቴን አየኋቸው። የእኔን ስኒከር በር ሥር አየሁት፣ ሶሉ አልቋል።

«ነገ ተመለሱ ይላል» አልኩ።

ደብዳቤውን ከእጄ ወሰዱ። ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን አዩ።

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ነገ ተመለሱ ለማለት ነው?»

«ፈረንጅ ያንዛዛል፣ እቴቴ። መጽሐፉን አላዩም?»

ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ቀስ ብለው ፈገግ አሉ፤ የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ የጻፈላቸው ያህል።

«አሁን ገና ቢሮ ሆኑ» አሉ። «ነገ ኦፍ አይደለሽ? ጫማሽን አዘጋጂ።»